ማተብ ያሰሩ አበቦች

ሽታው መጀመሪያ የደረሰው እኔ ዘንድ ነው፤ ቀድማ የቆመችው ግን እናቴ ናት።

ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ስንወርድ፣ ድሮ ግቢያችን በነበረበት በኩል እያለፍን ነበር። አሁን እዚያ ግቢ የለም። ቤቶቹ ፈርሰው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከቆርቆሮው በላይ የሚታየው አንድ የወይራ ዛፍ ብቻ ነው። እሱን ለምን እንደተዉት እንጃ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሽታው የሎሚ አበባ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን አሁን የጠፋ ሻማ ይሸታል። ቀን የለም። ሲመሻሽ ይመጣና ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ልብስ ውስጥ ይገባል።

እናቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "እማማ በለጡ" አለች። እማማ በለጡ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከዚያ ሽታ ጋር ያለኝን ጉዳይ ለእናቴም ሆነ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም።

እማማ በለጡ በሞቱበት ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ወይራ ነበረ። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው ሲያሻው ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው መስኮቷ ወይራውን በምታይ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ወይንሸት ፒያሳ ኬክ ቤት ትሠራለች። አባቴን አላውቀውም፤ ስለዚህ በዓለም ላይ የነበረችኝ እሷ ብቻ ናት። ከጎናችን ጋሽ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ሰዓት ሠሪ፣ ይኖራል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ እማማ በለጡ አሉ። ሥራቸው ማተብ መግመድ ነው። የክሩን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ላይ አስረው ሲገምዱ ይውላሉ፤ የገመዱትን ጊዮርጊስ በር ላይ የሚቸረችሩ ሴቶች መጥተው ይወስዱላቸዋል።

ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከከፋ ቡና የሚጭኑ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ አሉ። ከዚያ ሲመለሱ ከጫካው አንድ ነገር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያመጡላቸዋል፤ አፈር የማይፈልግ፣ ዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚኖር አበባ። ኦርኪድ እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በእኛ ግቢ ስሙ "የዛፍ አበባ" ነበር። እማማ በለጡ ለእያንዳንዱ ጎረቤት አንድ አንድ ሰጥተዋል፤ ነገር ግን ማንም ማሳደጉን ስላልቻለበት ሁሉም እዚያው ወይራው ላይ፣ በቅርፊት ቁራጭ ላይ ታስረው ተንጠልጥለው ቀሩ። "ይቺ የወይንሸት ናት፤ ይቺ የሰይድ፤ ይቺ የኔ" ይላሉ እየነኩ።

የታሰሩት በማተብ ነበር። የእናቴ በቀይ፣ የእማማ በለጡ በጥቁር፣ የሌሎቹ በሰማያዊ። ሌላ ክር በክረምቱ ዝናብ ስለሚበሰብስ፣ እጃቸው ላይ ያለው ክር ደግሞ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን እንዲህ አያስብም። ማተብ የሚያስረው የተጠመቀ ሰው ነው። ውሻ አያስርም፤ ድመት አታስርም። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ተጠምቀዋል፤ የተጠመቀ ደግሞ ነፍስ አለው። ጥርጣሬዬን የጨረሰልኝ የጋሽ ሰይድ አበባ ነበር። የሱ ብቻ ማተብ የላትም፤ ከሱቁ ባመጣት ቀጭን ሽቦ ነው የታሰረችው። እሱ ሙስሊም ነው፤ አበባውም ሙስሊም ናት። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

በዚያን ጊዜ የእማማ በለጡን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ክር መግመድ በጣት ይሆናል፤ የሥር ቀለም ግን በጣት አይለይም። ስለዚህ ያን መስከረም ዓይናቸው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ዛፉ ሥር እቆማለሁ፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይጠይቁኛል።

"የሰይድ ሥሯ ምን ይላል?"

"ነጭ ነው እማማ።"

"ጠምቷታል፤ ስጫት። የኔስ?"

"አረንጓዴ።"

"ጠጥታለች፤ ተያት። ቡናማ ካየሽ ደግሞ እንዳትደብቂኝ። ቡናማ በሽታ ነው።"

የማጠጣው በሚስማር በተበሳ የወተት ጣሳ፣ ከአሸንዳ በበርሚል ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበር፤ የቧንቧው አይስማማቸውም። ብርሃንም የሚለካው በኔ እጅ ነው። "እጅሽን ከላይዋ ዘርጊ" ይሉኛል። የእጄ ጥላ ቅጠሉ ላይ ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ ከወደቀ ብርሃኑ ልክ ነው። ጥርት ብሎ ከወደቀ ፀሐዩ ያቃጥላታል፤ ወደ ውስጠኛው ቅርንጫፍ ትሂድ። ጥላ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ ጨልሞባታል፤ ቅጠሏ ያምራል፣ አበባ ግን አትሰጥም። ብርዱንም አይፈሩላቸውም ነበር። "የኅዳር ብርድ ነው እምቡጥ የሚያስቋጥራት" ይሉ ነበር።

አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፤ ሲናገሩት ድምፃቸው ይለወጣል። "ማታ ውሃ አይነካቸውም። ውሃ አዝላ በብርድ ያደረች ከመሃሏ ትበሰብሳለች። ጠዋት ትጠጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትድረቅ።"

ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን የሰዓት ማያ መነፅሩን ዓይኔ ላይ ሰክቶ የእናቴን አበባ ሥር አሳየኝ። ጫፉ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ቀይ አረንጓዴ ነበር። "ወላሂ ሥሩ አንቺን እያየ ነው" አለኝ ሊያስቀኝ። አልሳቅኩም። ያ ሥር ቅርፊቱን ለቆ አየር ላይ ወጥቶ ነበር፤ የሚሄደው ደግሞ ወደ መስኮታችን ነው። በማስመሪያዬ እለካው ጀመር። በሳምንቱ ረዝሟል። ማታ ስተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

ኅዳር ሲገባ እናቴ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቱ የኬክ ቤቱ ዱቄት ነው አለ። ከሥራ ስትመለስ አልጋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጥና "ጉሮሮዬ ደረቀብኝ፣ ትርሲትዬ፣ እስኪ ውሃ" ትለኛለች። ጠጥታ ሳትጨርስ እንደገና ትጠይቃለች። በመስኮቱ ወደ ወይራው አየሁ። የሷ አበባ ሥር፣ ጠዋት አረንጓዴ የነበረው፣ ማታ ነጭ ሆኖ ወደ እኛ ተዘርግቷል።

ጠምቷታል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር።

ጣሳውን ይዤ ወጣሁና አጠጣኋት። በመሸ ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕጉንም አውቃለሁ። ግን እማማ በለጡ ስለ አበባ ነው የሚያውቁት፤ እኔ የማጠጣው እናቴን ነው። በዚያ ምሽት እናቴ ሳትስል ተኛች። በማግስቱም አጠጣሁ፤ በማግስቱም ቀለል አላት። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመኛል? የዝናቡ ውሃ ወደ በርሚሉ ታች ሲወርድ ከቧንቧ ቀዳሁ። ልብሷን እያጠብኩ ያለሁ ያህል ኩራት ይሰማኝ ነበር።

"የወይንሸት ሥሯ ምን ይላል?" ይሉኛል ጠዋት እማማ በለጡ።

"አረንጓዴ ነው እማማ።"

"ዛሬም?"

"ዛሬም።"

"ሳናጠጣት አራት ቀኗ አይደል እንዴ?"

"ጤዛው ይሆናል" አልኳቸው። ያ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው፤ በሳቸው ላይ የዋሸሁት ስለሆነ ዛሬም ያቃጥለኛል። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው እኔ ላይ ብዙ ቆየ። ወደ ክራቸው ተመለሱ።

ሳሉ ሲመለስ ከበፊቱ ብሶ ነው የመጣው። እኔም ውሃውን ጨመርኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ወይራውን ተደግፋ ቀረች፤ ትንፋሿ አልመጣ አላት። ጋሽ ሰይድ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ልጅ አይገባም ተብሎ እኔ ቀረሁ። ምን ላድርግ? ጣሳዬን ሞልቼ ዛፉ ሥር ቆምኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጋሽ ሰይድ ብቻውን ተመለሰ። እኔን አላየኝም። እማማ በለጡ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል አሉ" አላቸው። "ብዙ ውሃ።"

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። የዚያን ቅጽበት ፍርሃት ከዚያ በኋላ ገጥሞኝ አያውቅም፤ እንዲገጥመኝም አልመኝም። ውሃው በጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም ዞሩ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ነኝ ያጠጣኋት።"

ጋሽ ሰይድ ግራ ተጋባ። የምለው ሲገባው ጎንበስ ብሎ "አንቺ ደግሞ፣ የአበባና የሰው ሳንባ ምን አገናኘው?" ብሎ ሊያቅፈኝ ሞከረ። እማማ በለጡ ግን አልሳቁም፤ ሞኝም አላሉኝም።

"ማታ ማታ?" አሉኝ።

"ማታ ማታ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጽዮን በፊት ጀምሮ።"

በጣታቸው እየዳበሱ ወደ ዛፉ ሄዱ። ቀዩን ማተብ አገኙት፤ ከሱ ላይ ወደ ቅጠሎቹ መገናኛ ወረዱ። ጣታቸውን አሸተቱት። እኔም ሸተተኝ፤ የከረመ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ዓይነት ሽታ ነው። "መቀስህን አምጣ፣ ሰይድ" አሉ። የበሰበሰውን ቆረጡላት፤ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነሰነሱበት። ከአምስት ቅጠሏ የቀረችው አንድ ነበረች፤ እሷም ላላ ብላለች።

"ክፍሌ ውስጥ ትሁን" አሉኝ። "ሁለት ሳምንት ውሃ አታይም። አንቺም አታያትም።"

"እናቴስ?"

"እናትሽን ሐኪሞቹ ያደርቋታል። ይቺን እኔ።"

ለምን "ይሄ አይገናኝም" እንዳላሉኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቢሉኝ አላምናቸውም ነበር፤ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም።

ስለዚህ እነዚያን ሁለት ሳምንታት በሁለት ዝግ በር መሃል ኖርኩ። እናቴ በአንዱ፣ አበባዋ በሌላው። ቀን ቀን ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ እማማ በለጡ በር ላይ እቀመጣለሁ። በሩ ገርበብ ይላል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ክር ሲገመድ ድምፅ ባይኖረውም የሚሰማኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ እማማ በለጡ ውስጥ ሆነው ለአንድ ሰው ቀስ ብለው ይናገራሉ። "በርቺ" ይላሉ። "በርቺ እንጂ፤ ልጅ አለሽ።" ጎንበስ ብዬ ባይ ከሳቸው በቀር ማንም የለም።

"ደረቀች?" እላለሁ።

"እየደረቀች ነው።"

ጋሽ ሰይድ ከሆስፒታል ሲመለስም የሚነግረኝ ይህንኑ ነበር። በመርፌ ውሃውን እየቀዱላት ነው፣ እየደረቀ ነው፣ ይላል። አንድ ማክሰኞ ግን ምንም ሳይነግረኝ ወደ እማማ በለጡ ክፍል ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። "ዛሬ አልወደዱትም" ሲል ሰማሁ። "ሐኪሞቹ ዛሬ ፊታቸው ጥሩ አይደለም።" ከዚያ እማማ በለጡ፣ "በል በርጩማውን ያዝልኝ" አሉት። ሁለቱም ወጥተው ወደ ወይራው ሄዱ። እኔን ጋሽ ሰይድ ሻማ ግዢ ብሎ ሱቅ ላከኝ፤ ሻማ ደግሞ ቤቱ ሞልቷል።

ስመለስ የእማማ በለጡ አበባ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ክረምት ላይ አንዷን ቅጠል ቀንድ አውጣ ገምጧት ጨረቃ የመሰለ ጎደሎ ትቶባት ስለነበር፣ የሳቸውን የምለየው በዚያ ነበር። ባዶው ቅርንጫፍ ላይ የተቆረጠ ጥቁር ማተብ ብቻ ተንጠልጥሏል።

"የእርስዎስ የት ሄደች?" አልኳቸው።

"ቦታ ለቀቀች።"

"ሞተች?"

"አርጅታ ነበር፣ የኔ እናት። አንቺ ብቻ ማታ ውሃ አትንኪ።"

በሳምንቱ መጨረሻ የእናቴ አበባ ከክፍል ወጣች። ጋሽ ሰይድ ከፍ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀላት፤ ለነፋስ ነው ተባልኩ። ከታች የሚታየኝ ቀዩ ማተብ ነበር፤ ጠንካራ አረንጓዴ ቅጠሎችም አየሁ። እንዴት በሁለት ሳምንት እንዲህ አገገመች ብዬ አልጠየቅኩም። ልጅ የፈለገውን ሲያገኝ አይጠይቅም። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ እናቴ ከስታ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ በእግሯ በበሩ ገባች። አቅፌያት እንዳላሳምማት ፈራሁ፤ ቀሚሷን ብቻ ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ፀሐይ ስትሞቅ እናቴና እማማ በለጡ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚያወሩትን ስቀርብ ያቆማሉ። እማማ በለጡ በዚያ ሰሞን ክራቸውን ብዙ ጊዜ ከእግራቸው ጣት ሳይፈቱ ያንቀላፋሉ። ጠዋት ጠዋት ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ ሆንኩ፤ እሳቸው ይረሱታል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሲመሻሽ፣ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀና አለች። "አበባው ፈነዳ እንዴ?" አለች። እኔም ሸቶኛል፤ ሎሚና የጠፋ ሻማ። ሮጬ ወጣሁ። የአበባው ዘንግ ወጥቷል፤ እምቡጦቹ ግን የባቄላ ፍሬ እንኳን አያክሉም፤ ሁሉም ዝግ ናቸው። ሌሎቹንም አየሁ። ከመካከላቸው አንድም የተከፈተ የለም። ሽታውን ተከትዬ ሄድኩ፤ ወደ በሩ ወሰደኝ፤ እዚያ ገርበብ ወዳለው ክፍል።

እማማ በለጡ በርጩማቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ክሩ በአውራ ጣታቸው ላይ ታስሯል፤ ግማሹ ተገምዷል፤ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል። ጠራኋቸው። ክሩን ነካ አደረግኩት፤ ረገብ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። አልጮህኩም፤ እናቴን ለመጥራት ስዞር እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

አበባዋ የተከፈተችው በአርባቸው ቀን ነው። ስድስት ነጭ አበባ፣ ሁሉም ከኋላቸው ረጅም ቀጭን ጅራት ያላቸው። ለተዝካር የመጣው ሰው እንዲያያት ጋሽ ሰይድ ከቅርንጫፉ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እናቴ ጎንበስ ብላ ሳንባዋን ሞልታ ሳበችው፤ አንዴም አልሳለችም። እኔም ቀረብኩ። ቀዩ ማተብ የእናቴ ነው፤ ቋጠሮውን አውቀዋለሁ። ከማተቡ በላይ፣ ሁለተኛዋ ቅጠል ጠርዝ ላይ፣ ጨረቃ የመሰለው ጎደሎ አለ።

ጋሽ ሰይድን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ፤ አበባዋን አንስቶ ወደ ቅርንጫፏ መለሳት።

ያረጀ ሰው በጥር ብርድ ይሞታል። እናቴን ያዳናት መርፌና መድኃኒት ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ፤ ማንም ሊያስረዳኝ አይገባም። ግን የእናቴን አበባ የገደልኳት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን አበባ ጥቁር ማተብ ቆርጠው የእናቴን ቀይ አሰሩላት። እናቴን በየዓመቱ በሕይወት ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ውስጥ አንድ የማይጠፋ ብርድ አለ።

እና አሁን ከእናቴ ጋር ቆርቆሮው አጠገብ ቆመናል። አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ክፍተት ነበረው፤ በጎን ገባን። ከፍርስራሹ መሃል ወይራው ቆሟል። አበባዋ የግንዱን ግማሽ ከብባዋለች፤ ሌሎቹ የሉም። ማተቡ ቀለሙ ጠፍቶ ከቅርፊቱ ጋር አንድ ሆኗል። ጎደሎዋ ቅጠል ከረገፈች ስንት ዓመቷ ይሆናል። የቀረ ምልክት የለም።

"የማን ነበረች ይቺ?" አለች እናቴ።

"ያንቺ ናት እማዬ።"

ጠጋ ብላ አየቻት። ሥሮቿ ነጭ ነበሩ፤ አቧራ ለብሰዋል። እናቴ የያዘችውን የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን ከፍታ ዘረጋችልኝ። "ጠምቷታል፤ አጠጫት" አለች። እጄ ሊቀበላት ሄደ። ከአቧራው ይሁን ከሌላ፣ እናቴ አንዴ ሳል አለች።

"አይ" አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "አሁን መሽቷል። ጠዋት እመጣለሁ።"

እናቴ ፕላስቲኩን ከደነች። ወደ ክፍተቱ ከተመለስን በኋላ ግን ቆም አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ ወደ ዛፉ ዞረች።

"ደህና ይደሩ፣ እማማ" አለች።